ስድብ የሚገባት አበባ

በሰንደራ ምድር፣ በንጉሥ ጎልዳር ዘመነ መንግሥት፣ በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ እንደ ናስ ቀላ፤ አንድ ታላቅ ጥላም ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ አለፈ። ጥላው ባለፈበት አገር ሁሉ አንዲት አረም ከነሥሯ ተነቅላ ጠፋች። ሌላ ምንም አልጠፋም። ዘውዱ በንጉሡ ራስ ላይ ነበረ፣ የወርቁ ዕቃ በግምጃ ቤቱ ነበረ፣ የመኳንንቱ በቅሎዎችም በየጋጣቸው ነበሩ። የሰንደራ መኳንንት ይህን ባዩ ጊዜ «አረም ብቻ ነው የጠፋው!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ሞኝ ሰው ቤቱ ሲቃጠል መጀመሪያ ይሥቃል፤ ሙቀቱን ወዶት ነው።

እኔም ስለዚያች አረም የምናገረው ክብር የለኝም። ስሟ ምናምንቴ ነው። ቁመቷ እስከ ሰው ጉልበት ነው፤ ቅጠሏ ከላይ ሸካራ ከሥር ጸጉራም፣ አበባዋ ቢጫ፣ ሥሯ ወፍራምና መራራ። የምትበቅለው በፍግ ክምር ላይ፣ በቦይ ዳር፣ በፈረሰ ግንብ ሥር፣ በጠቅላላው ራሱን የሚያከብር ተክል በማይኖርበት ስፍራ ሁሉ ነበር። ማንም አይዘራትም፣ ማንም አይኮተኩታትም። በበጋ ደርቃ የሞተች ትመስልና ዝናብ ሲጥል ከዚያው ከአሮጌ ሥሯ ትነሣለች። አንዴ የያዘችውን ቦታ ሃያ ዓመት አትለቅም። እንዲህ ያለ ዓይነ ደረቅ ተክል አይቼ አላውቅም።

ሆኖም ሥሯ ተቀቅሎ ከማር ጋር ሲጠጣ ደረት ውስጥ የሰነበተ ሳልን ይፈታል። ቅጠሏ ተወቅጦ ቁስል ላይ ሲታሰር ደም ያቆማል። አበባዋ ሲነከርበት የዋለ ውኃ የሚቆጠቁጥ ዓይንን ያበርዳል። ይህን የሚያውቁት ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የሚባሉት የሰንደራ ሴቶች ብቻ ነበሩ። እነርሱም ሊቆፍሯት ሲሄዱ አስቀድመው «ተፍ!» ይሉባትና «አንቺ ምናምንቴ፣ አንቺ የፍግ ልጅ፣ ደግሞ በቀልሽ?» እያሉ ይሰድቧታል። ሳይሰድቡ ዶማ አያነሡም። ለምን እንደሚሰድቧት ከቤተ መንግሥት ሰዎች አንድም የጠየቀ አልነበረም። የቤተ መንግሥት ሰው ከፍግ አጠገብ ምን ይሠራል?

መዘዙ የመጣው በንጉሡ ሳል ነው። ሊቀ ፈውስ ዘንቆር የሚባል ጢሙ የረዘመ፣ ዕውቀቱ ያጠረ የቤተ መንግሥት ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ንጉሡን ሦስት ወር ሙሉ የዕንቁ ዱቄትና የነብር ሐሞት ሲያስውጠው ከረመ። በመጨረሻ ሲጨንቀው እንኮዬ የምትባል ሥር ማሽ በጓሮ በር አስጠራ። እንኮዬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ሥር ቀቀለች፣ ማር ጨመረችበት፣ ሰጠች፣ ሄደች። በሰባተኛው ቀን ንጉሡን ሳሉ ለቀቀው።

«የዚህ መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» አለ ንጉሥ ጎልዳር።

የሰንደራ ሕግ በዙፋን ፊት ጸያፍ ቃል መናገርን ይከለክላል። ዘንቆር ለንጉሥ «የጠጡት ምናምንቴ ነው» ብሎ ይመልስ? ጉሮሮውን ጠራረገና «ወርቀ አርያም ይባላል፣ ንጉሥ ሆይ! በብዙ ጾምና ድካም እኔ ራሴ ያገኘሁት የሰማይ አበባ ነው» አለ። ንጉሡም ደስ ብሎት ይህች አበባ በወርቅ ሳሕን ላይ ተቀምጣ በሕዝብ ሁሉ ፊት እንድትወደስ አዘዘ።

ወዳሹ ጣዕሜ ነበር። ስለ ጣዕሜ እውነቱን ልንገራችሁ። ሆዳም ነበር፣ ውሸታም ነበር፣ ምንም የማይረባ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክራሩን ታቅፎ ንጉሡን «አንበሳ» ሲል ኖረ፤ ንጉሡ ግን አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ጣዕሜ ጮማ እስከቀረበለት ድረስ አህያውንም ንስር ከማለት አይመለስም። በዚያ ቀንም እንደ ልማዱ ሊዋሽ ተነሣ። ነገር ግን የወርቁ ሳሕን ሲቀርብ በውስጡ ያለችውን አወቃት። ልጅ ሆኖ ሳል ሊገድለው ሲል እናቱ ቀቅላ ያጠጣችው ይህችኑ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያምንበትን ነገር ዘፈነ፦

«ከወርቅ የጠራሽ፣ ከፀሐይ የደመቅሽ፣
እስትንፋስ ላጣ ሰው እስትንፋስ የሆንሽ።»

ሰማዩ እንደ ናስ የቀላውና ጥላው ያለፈው ያን ጊዜ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የድንጋይ ሳል የሚሉት በሽታ ከተማይቱ ገባ። የሚይዘው ልጆችን ነው። የያዘው ልጅ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ ይመስላል፤ ሥሩን ካላገኘ ከአርባኛው ቀን አያልፍም። ድሮ ሲመጣ ሴቶቹ ፍግ ክምር ዘንድ ወጥተው ቆፍረው ይመልሱት ነበር። አሁን በፍጉ ላይ የነበረው ባዶ ጉድጓድ ነው።

እንኮዬ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ትልቋ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጉድፍ ናት፤ ትንሿ የስድስት ዓመቷ ገለባ ናት። እናት ልጆቿን ጉድፍና ገለባ ብላ ስትጠራ የሰማ ጎረቤት ሁሉ በሆዱ ይረግማት ነበር። ጉድፍ ከእናቷ አፍ አንድ ቀን «ጎሽ» ሰምታ አታውቅም። ውኃ ስትቀዳ «ዛሬስ የት አባሽ ዘገየሽ»፣ ሸክም ስታነሣ «ጉልበት የሌላት» ትባላለች። ይህን ለምዳው ነበር፤ ደህና አድርጋ ግን አልለመደችውም፤ አንዳንድ ቀን ከቤት ወጥታ ታለቅስ ነበር። ገለባን የድንጋይ ሳል በያዛት በሦስተኛው ቀን ጉድፍ ዶማዋን እንደያዘች ባዶ እጇን ገባች።

«እማ፣ የቀረ ቦታ የለም። ቦዩን ሁሉ አየሁት። ጉድጓድ ብቻ ነው» አለች።

«አታገኚያትም። ጎምጂው ወስዷታል።»

«ጎምጂው ማነው?»

እንኮዬ በሩን ገርበብ አደረገችና ተቀመጠች። «በአምባ ሰሚ ተራራ የሚኖር ፍጥረት ነው። ዓይን የለውም፤ ሁለመናው ጆሮ ነው። አንድ ነገር ከልብ ሲሞገስ ከሰማ ይጎመጃል፤ ከጎመጀ መጥቶ ይወስዳል። የውሸት ሙገሳ አይጥመውም። ይኸው ንጉሡ በዚያ ሁሉ ሙገሳ መካከል እስከ ዛሬ አለ አይደል? አያቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ የሚወዱትን ነገር ይሰድቡ ነበር። እኔ ግን ሞኝ ነበርኩ። ከአንቺ በፊት አምስት ወልጄአለሁ። አንዱን ብርሃኔ፣ አንዷን እንቁዬ እያልኩ፣ ለያንዳንዳቸው የብር አምባር እያሠራሁ፣ ለጎረቤት ሁሉ እያሳየሁ አሳደግኳቸው። አምስቱንም ወሰዳቸው። ስድስተኛዋን ጉድፍ አልኳት። ይኸው ቀረችልኝ።»

ጉድፍ ዶማዋ ከእጇ ወደቀ። «እማ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የምትሰድቢኝ…»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጥራጊ! ይሰማል!» አለች እንኮዬ፤ ዶማውን ግን ጎንበስ ብላ አነሣችላት።

ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ነገረቻት። ጎምጂው የወሰደውን ነገር የሚለቀው ያሞገሰው አፍ ራሱ በእውነት ሲሰድበው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይጠየፈዋል፤ ይጥለዋል። እንግዲህ አበባዋን ያሞገሰ አፍ የማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጉድፍ በማግሥቱ ቤተ መንግሥት ስትሄድ ግን በሩ በፉከራ ተዘግቶ አገኘችው። የንጉሡ ሳል ተመልሶበት ስለ ነበር ሦስት መቶ ፈረሰኛ ወደ አምባ ሰሚ ሊያዘምት ነው። የጦሩ አበጋዝ «ዘራፍ! የዘንዶ አንገት ቆራጭ!» አለ፤ በዕድሜው የቆረጠው የዶሮ አንገት ነው። የቀሩትም እንዲሁ እየተነሡ ፎከሩ፤ ሊቀ ፈውስ ዘንቆርም በበቅሎ አብሮ ወጣ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሦስት መቶውም አንድ ሳይጎድሉ ተመለሱ። ጎምጂው አልነካቸውም፤ ሲፎክሩ ቢሰማም አልጣሙትም። ዘንቆር ከተራራው ሥር ቆሞ «ወርቀ አርያም ሆይ፣ ወደ ንጉሥሽ ተመለሺ!» ብሎ ሦስት ጊዜ እንደ ተጣራና መልስ እንዳጣ በዝርዝር አስረዳ። ስለ ድካሙም ካባ ተሸለመ።

በዚህ መካከል ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ገለባ መናገር ትታ በዓይኗ ብቻ ነበር የምትለምነው። ጉድፍ በዘበኞቹ ብብት ሥር ሾልካ ዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሠራዊትዎን አልፈልግም። ወዳሽዎን ይስጡኝ» አለች።

ዘንቆር አዲሱን ካባውን ሰብሰብ አድርጎ «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«ጉድፍ።»

መኳንንቱ በሣቅ ፈነዱ። «በዙፋን ፊት ጸያፍ ቃል!» ብሎ ጮኸ ዘንቆር።

«ጌታዬ፣ ጸያፍ ቃል ሰው ገድሎ አያውቅም» አለች ጉድፍ። «ንጉሡን ያዳነችው ምናምንቴ ናት፤ ልጆቻችንን እየገደለ ያለው ወርቀ አርያም ነው። እርስዎ ስሟን አፈሩበት። እናቴ በእጇ የሰጠችዎትን ሥር ከሰማይ አገኘሁት አሉ። ሰማይ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ የከተማዎን ፍግ ግን የት እንዳለ አያውቁም። ንጉሥ ሆይ፣ በእህቴ ትንፋሽ እምላለሁ! ሥሯን በእጄ ሳልይዝ የሰንደራን ደጅ አልረግጥም። ካልተመለስኩም አንዲት ጉድፍ ጎደለች፤ ምን ይጎዳችኋል?»

ንጉሡ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው፤ እስኪያልበው ድረስ ሳለ። ሲተነፍስ «ውሰጂው» አለ። ጣዕሜ ያን ጊዜ አጥንት እየጋጠ ነበር።

መንገዱ ሰባት ቀን ነው። ጣዕሜ በመጀመሪያው ቀን ስለ እግሩ፣ በሁለተኛው ስለ ወገቡ፣ በሦስተኛው ስለ ጠጅ አለቀሰ። የሐርዛን ወንዝ ሲደርሱ ውኃው እስከ ደረት ነበር፤ ጉድፍ ያን ሁሉ ሥጋ በጀርባዋ አዝላ አሻገረችው። ከወንዙ ማዶ የጎምጂው አገር ነው። እዚያ ደግሞ የሚከብደው መራመዱ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው፤ አገሩ ያምራልና። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሸለቆው ተዘርግቶ፣ ፏፏቴው ሲወርድ ታየ። ጣዕሜ እጁን ዘርግቶ «አቤት! እንዴት ያለ…» ሲል ጉድፍ አንድ እፍኝ በሶ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችበት።

«ጋሼ ጣዕሜ፣ በአፍህ ልትገድለን ነው?»

«ልማድ ነው፣ ልጄ» አለ እየተናነቀው። «ጥሩ ነገር ሳይ ይወጣብኛል።»

«እንግዲያው ስድብ ልመድ። ያን ድንጋይ ስደበው።»

ጣዕሜ ድንጋዩን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «አንተ… ግርማህ ከተራሮች ሁሉ በጥቂቱ ያነሰ…»

«ይህ ስድብ ነው?»

«ድንጋዩ ጥቂት ቅር ሳይለው አይቀርም» አለ ጣዕሜ።

ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦና የራሱን ጫማ ሲሰድብ ዋለ። ሁሉም ሙገሳ ይሆንበታል። ጫማውን እንኳ «የመንገድ ጓዴ» ብሎ ሰደበው። በስድስተኛው ቀን ጉድፍ ተስፋ ቆርጣ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሃያ ስድስተኛው ቀን ነበር። «እህቴ ትሞታለች» አለችው። «ንጉሡን ማሞገስ እንጂ ሌላ ነገር አታውቅም። እናትህ እንኳ አንድ ክፉ ቃል አላስተማረችህም?»

ጣዕሜ «እናቴ ሥሯን ስትቆፍር ትሰድባት ነበር። ከኋላዋ ቆሜ እሰማ ነበር» አለ። በዚያ ቀን ስለ እግሩ አላለቀሰም።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ አምባ ሰሚ ጫፍ ደረሱ። የተራራው ራስ ጎድጓዳ ነው፤ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ በዓለም ላይ ከልብ የተሞገሰ ነገር ሁሉ ተከማችቷል። ነጫጭ ፈረሶች ቆመዋል፣ አይንቀሳቀሱም። አንዲት ሙሽራ ከነዓይነ ርግቧ ተቀምጣለች፣ አትተነፍስም። በገናዎች፣ ጋሻዎች፣ የልጆች አልጋዎች እንደ ተወሰዱ ናቸው፤ አቧራ የለባቸውም፤ የሚጠቀምባቸውም የለም። ጎምጂ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሚፈልገው እንዲኖረው እንጂ እንዲሠራበት አይደለም። በአንድ ጥግ ጉድፍ በማይተነፍሱ አምስት ልጆች ክንድ ላይ አምስት ትናንሽ የብር አምባሮች አየች። ልትነካቸው እጇን ዘርግታ መለሰችው። ያሞገሳቸው አፍ የእናቷ ነው፤ እናቷ ደግሞ ቤት ናት፤ ከእርስዋ በቀር ማንም አያስለቅቃቸውም፤ እርስዋም ለእነርሱ እውነተኛ ስድብ የላትም። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበራትም።

በመካከሉ ጎምጂው ተኝቷል። ከሦስት ጎተራ ይበልጣል። ክንፉ ሁሉ ጆሮ ነው፤ በጆሮ ላይ ጆሮ ተነባብሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይርገበገባል። የሰንደራን ምናምንቴ ሁሉ ከነሥሯ በአንገቱ ዙሪያ ተክሎ ቢጫ ጎፈር አድርጓታል። ጉድፍ ወገቧን የታጠቀችበትን ገመድ ወርውራ የክንፉን አጥንት አጠመደች፤ በእርሱ ተንጠልጥላ ጀርባው ላይ ወጣች፤ እስከ አንገቱ ተሳበች። ሥሯን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። አልተነቀለችም። ጎምጂው ነቃ።

«ጋሼ ጣዕሜ! አሁን!»

ጣዕሜ ወደ ፊት ወጣ። «አንቺ… የአበቦች ሁሉ…» አለና ቆመ። ሁለቱን ዓይኖቹን ጨፈነ። ሲናገር ድምፁ የቤተ መንግሥት ድምፅ አልነበረም፤ የአንዲት ሥር ማሽ ሴት ድምፅ ነበር። «ተፍ! አንቺ ምናምንቴ! አንቺ የፍግ ልጅ! ማን ዘራሽ? ማን ጠራሽ? የበግ ጠጉር ለብሰሽ ቦይ ለቦይ የምትዞሪ! አንቺ ሞተሽ የማትሞቺ፣ አፈር የማያሳፍርሽ ዓይነ ደረቅ! ደግሞ በቀልሽ?»

ይህ ሁሉ ስድብ እውነት ነበር፤ ስለዚህ ጎምጂው ጣዕሙ ተበላሸበት። አንገቱን ወዘወዘ፤ እንደ በሰበሰ ነገር ሊያራግፋት ሞከረ። ሥሯ ላላ። ጉድፍ ከወዲያ ወዲህ እየተወረወረች፣ መዳፏ እየደማ፣ በጥርሷ አንገቱን ነክሳ እየተንጠለጠለች፣ እየነቀለች ወደ ስልቻዋ ከተተች። ስልቻዋ ሲሞላ በቀሚሷ ቋጠረች። የመጨረሻዋን ይዛ ከላይ ስትወድቅ በጉልበቷ አረፈችና እንደ ምንም ተነሥታ ቆመች፤ ደም በደም ሆና ሣቀች።

ያን ጊዜ ያ ልማደኛ አፍ ሥራውን ሠራ። ጣዕሜ አያት፤ ልቡ ሞላ፤ ሳያስበው «አቤት! አንቺ እንዴት ያለሽ ጀግና ነሽ!» አለ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሰማችው የመጀመሪያ ሙገሳ ነበር። ለአንዲት ቅጽበት ሰውነቷን ሁሉ ሞቃት፤ ደስ አላት፤ እውነትም ነበር። ወዲያው የጎምጂው ጆሮዎች በሙሉ ወደ እርስዋ ዞሩ፤ ጥፍሩም ወገቧን ጨበጣት።

«ተሳስቻለሁ!» ብሎ ጮኸ ጣዕሜ። «ፈሪ ናት! ሰነፍ ናት! የማትረባ ናት!» ጎምጂው አልሰማውም፤ ውሸት ነበርና። የጉድፍ እግሮች መድረቅ፣ ከንፈሯም መቀዝቀዝ ጀመረ። ስልቻውን ወደ ጣዕሜ ወረወረችው። «ይዘህ ሩጥ! ለገለባ አድርስላት!» አለች።

ያ ሆዳም ስልቻውን አላነሣም። ክራሩን አወረደና ለራሱ ፎከረ። በሰንደራ ወዳሽ ለራሱ አይፎክርም፤ ነውር ነው። «ዘራፍ! አንበሳ ገዳይ፣ ነብር አስገባሪ!» አለ። ጎምጂው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። «ዘራፍ! የሺህ ፈረስ ጌታ!» አለ። ምንም የለም። በዚያ ሰው ውስጥ የሚሞገስ አንድ እውነት አልነበረም። እርሱም ይህን አወቀ። ክራሩን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ጥፍሩ ሄዶ ቆመ፤ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ዘራፍ።
ንጉሥ ያሞገስኩኝ ለጮማና ለጠጅ፣
ዛሬ ግን በነፍሴ አዳንኳት ይህችን ልጅ።»

የጎምጂው ጆሮዎች አንድ ባንድ ተነሡ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጉድፍን እንደ አሮጌ ጨርቅ ጣላትና ጣዕሜን አነሣው። ጣዕሜ እየደረቀ በነበረው አፉ «ሂጂ፣ አንቺ ጉድፍ፤ ምን አቆመሽ?» አላት። በሕይወቱ ያሳካው ሁለተኛ ስድብ ይህ ነው።

ጉድፍ በሠላሳ አራተኛው ቀን ሰንደራ ገባች። እንኮዬ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስንት ቀን እንደ ቆመች ጎረቤት ያውቃል። ልጇ ደምታ፣ ከስታ፣ ስልቻ ተሸክማ ስትመጣ አየቻትና «የት አባሽ ስትዞሪ ከረምሽ፣ አንቺ ጉድፍ?» አለቻት። ጉድፍ በእናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ቃል የሚጣፍጥ ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ጣዕሜ ካላት ቃል በቀር። ሥሩ ተቀቀለ፣ ማር ተጨመረበት። ገለባ በሦስተኛው ቀን «መረረኝ» ብላ ተናገረች። የከተማይቱ ልጆችም ዳኑ፤ ንጉሡም ዳነ፤ ምን ይደረግ።

ንጉሡ ስለ ጣዕሜ በሰማ ጊዜ ከእብነ በረድ ሐውልት እንዲቆምለት፣ ሙገሳውም በወርቅ ፊደል እንዲጻፍ አዘዘ። ጽሑፉን ዘንቆር አዘጋጀው። ጉድፍ ዙፋኑ ፊት ቆማ «ጎምጂው ሰውየውን ወስዷል፤ መታሰቢያውንም ልትሰጡት ነው?» አለች። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ሰው ከወደዱት ይስደቡት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰንደራ በዙፋን ፊት መስደብ ተፈቀደ። ዘንቆርም ከሰማይ ወርዶ የከተማው ፍግ ክምር ጠባቂ ሆኖ ተሾመ። ለዚያም ማዕረግ ፈልጎለታል፤ «ሊቀ ፍግ» በሉኝ ይላል።

ጉድፍ ያመጣችውን ሥር ከፋፍላ በየቦዩና በየፍጉ ቀበረችው። ዝናብ ሲጥል ያቺ ዓይነ ደረቅ ከአሮጌ ሥሯ ተነሣች፤ ከተማይቱ በቢጫ ተሞላች። ንጉሡ በሰገነት ላይ ሆኖ አይቶ «አቤት! እንዴት…» ሊል ሲል ጉድፍ ከታች ቀና ብላ አየችው። «እንዴት ያለች አስቀያሚ ናት» አለ ንጉሡ። ሕዝቡም ሁሉ ተፍ አለባት።

ምናምንቴ ሥር አላት፣ ዓመት ቆጥራ ትመለሳለች። ሰው ግን ሥር የለውም። ጉድፍ በየዓመቱ አበባዋ በፈነዳ ጊዜ ሰባት ቀን ተጉዛ አምባ ሰሚ ሥር ትቆምና «አንተ ሆዳም! አንተ ጠጅ አጋባሽ!» እያለች እስኪደክማት ትጮኻለች። ጎምጂው ተጠይፎ ይጥለው ይሆናል ብላ ነው። ያሞገሰው አፍ የራሱ እንደሆነ፣ ከራሱ በቀር ማንም እንደማያስለቅቀው ታውቃለች። ምናልባት ሰምቷት «እውነትሽን ነው» ቢል ብላ ትሄዳለች። እስካሁን መልስ የለም።

እናንተም ስለዚያ ሰው ሲያነሡባችሁ እንደ እኔ በሉ። ሆዳም ነበር፣ ውሸታም ነበር፣ ምንም የማይረባ ሰው ነበር። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ተራራው ይሰማል።